ቀጥሎ የሚሰበረው

ጋራዥ የለመደ ሰው ሁለት ዓይነት መካኒክ እንዳለ ያውቃል። አንዱ የተሰበረውን አውጥቶ አዲስ ያስገባና ሒሳቡን ይቀበላል። ሌላው የተሰበረውን ዕቃ እጁ ላይ እያገላበጠ "ይኼ ለምን ተሰበረ?" ብሎ ያፋጥጣችኋል። የመጀመሪያው የሚነካው ኪሳችሁን ነው፤ ሁለተኛው ኩራታችሁንም ይነካል። ደብረ ማርቆስ ለሥራ በኖርኩባቸው ዓመታት የደረሰኝ ሁለተኛው ነበር።

መኪናዬ ትንሿ ሱዙኪ ነበረች፤ ኤስ ጄ 410 የሚባለው ዓይነት፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ሞዴል። ሞተሯ 970 ሲሲ፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም የማይቀረው። በባሌስትራ ላይ ስለቆመች ጉድጓድ ስትመታ ነገሩ በቀጥታ ለወገብ ይነገራል። ግን አራቱም እግሯ ይጎትታል። በጎጃም ክረምት ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ውበት የለም።

የጎጃምን መረሬ አፈር የማያውቅ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ በክረምት ደግሞ ጫማ ያወልቃል። ያን የመሰለ ጤፍ የሚበቅለውም እዚያው ላይ ነው። ከሉማሜ ገባ ብሎ ባለው ገጠር በየጊዜው እመላለስ ስለነበር፣ ሐምሌና ነሐሴ ለእኔ ከጭቃ ጋር የትግል ወራት ነበሩ።

ትግሉን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ፈለግሁና በ1999 ዓ.ም. ትልልቅ ጎማዎች ገዛሁ። ከፋብሪካው 27 ኢንች ገደማ የነበረውን ወደ 30 አሳደግሁት። መኪናዋ ከፍ ብላ ስትቆም እኔም አብሬ ከፍ ያልኩ መሰለኝ። መካኒኩ ዙሪያዋን ዞሮ አየና፣

"ጫማ ቀየርክላት። እግሯስ?" አለኝ።

"እግሯ ምን ሆነ ጋሼ?"

"እንግዲህ ይነግርሃል።"

ለመንገር ብዙ አልቆየም። አንድ ከሰዓት በኋላ ቦይ ውስጥ ገብታብኝ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ነዳጁን ስረግጠው ከፊት በቀኝ በኩል ጓ! የሚል ድምፅ መጣ። የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት በእግሬ ነው።

የተሰበረው ጆይንቱ ነበር። ስለ መኪና ለማታውቁ ጥቂት ልበል። የፊት ጎማ ሁለት ሥራ አለበት፤ መኪናዋን ይጎትታል፣ መሪው ሲዞርም ይታጠፋል። ጉልበቱ ከዲፈረንሻል ተነሥቶ ሴሚያስ በሚባለው ዘንግ በኩል ይመጣል። ዘንጉ ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ ጎማው ግን ግራና ቀኝ ማለት አለበት። ስለዚህ ጫፉ ላይ እየታጠፈ የሚሽከረከር መጋጠሚያ ያስፈልጋል። ውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ፤ ኳሶቹ በየቦያቸው እየተንሸራተቱ ጉልበቱን ያሻግራሉ። አልፍሬድ ዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመጣው ብልሃት ነው። ዛሬም በፊት ጎማቸው የሚጎተቱ አብዛኞቹ መኪኖች የሚሄዱት በዚሁ ነው።

ይህ ጆይንት ቀጥ ብሎ ሲዞር ብርቱ ነው። በጣም ታጥፎ ሳለ ኃይል ሲጫንበት ግን ይጨነቃል። የጎማው ቁመት ሲጨምር ደግሞ ያንኑ ጭቃ ለመግፋት ጆይንቱ የሚሸከመው ይጨምራል፤ ከ27 ወደ 30 ኢንች ማለት ከመቶ 11 ያህል ተጨማሪ ሸክም ማለት ነው። ፋብሪካው ለ27 ሠራት፤ እኔ 30 ጫንኩባት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለእኔ ግን ያኔ ግልጽ አልነበረም። "ይኼ ብረት ደካማ ነው" አልኩ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ጆይንት መግዛት እችል ነበር፤ ንቄ ተውኩት። አሜሪካ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። እዚያ እነዚህን ትንንሽ ሱዙኪዎች ድንጋይ ለድንጋይ ማስዘለል የሚወዱ ሰዎች ስላሉ፣ ክሮምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ብረት የተሠራ ጠንካራ ሴሚያስና ጆይንት ይሸጣል። ልጁ ለገና ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። እናቱ ሽቶና ጫማ ስትጠብቅ ከሻንጣው በፎጣ የተጠቀለለ ብረት ሲወጣ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

መካኒኩ ሥራውን አልናቀም። ክሪክ አስገብቶ አነሣት፣ ጎማውን ፈታ፣ ፍሬኑን አወረደ። የጆይንቱን ቤት ሲከፍተው ውኃ ገብቶ ግሪሱን ወተት አስመስሎታል። ሁሉንም በነዳጅ አጥቦ፣ ያለቁትን ኩሽኔታዎችና ውኃ የሚከለክለውን ጎማ ቀየረ። ከዚያ ያን የሚያብረቀርቅ የአሜሪካ ብረት በእጁ መዘነና፣

"ጥሩ ብረት ነው። ይኼ አይሰበርም" አለ።

"አላልኩዎትም?"

"ብለሃል። ታዲያ ያ ጉልበት የት ሊሄድ ነው?"

"ወደ ጎማው ነዋ!"

"ጎማውን ጭቃ ይዞት አልዞርም ሲልስ?"

ዝም አልኩ።

"ተመልሶ ይመጣል። ተመልሶ ሲመጣ ቀጥሎ ያለውን ደካማ ይፈልጋል። እኔ የማዝነው ለኮሮናህ ነው።"

ኮሮና ሲባል አትደንግጡ። በሽታው ከመምጣቱ በፊት ኮሮና ማለት ለመካኒክ የዲፈረንሻሉ ትልቁ ባለ ጥርስ ብረት ነበር፤ ትንሹ ባልንጀራው ፒኞን ይባላል። እኔም ምክሩን የሽማግሌ ነገር አድርጌ ሰማሁትና ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

አንድ ዓመት ሙሉ ንጉሥ ሆንኩ። ሌሎች የሚቆሙበት ቦይ እኔን አያቆመኝም። እመላለስበት በነበረው መንደር ሰዉ ሁሉ መኪናዋን ያውቃታል። ጉራ ብጤም ሞካከረኝ። "በዚች መኪና የማይወጣ ጭቃ የለም፤ የታመመ ሰው ካለ ንገሩኝ" አልኩ። ሰዎቹም ቃሌን እንደ ቃል ያዙት።

ሐምሌ 2001 ዓ.ም. እዚያው መንደር አድሬ ነበር። ሌሊት አንዲት ወጣት ሴት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ጎህ ሲቀድ አማቷ፣ እኔ አባባ የምላቸው ሽማግሌ፣ በር ላይ መጥተው "ልጄ፣ መኪናህ አለችልን አይደል?" አሉኝ። "አለች እንጂ አባባ!" አልኩ። ጎረምሶቹ ሌሊቱን ቃሬዛ ሊያዘጋጁ ተነሥተው እንደነበር፣ አባባም "መኪና እያለ ምን ቃሬዛ" ብለው ወደየሥራቸው እንዳሰናበቷቸው የሰማሁት በኋላ ነው።

ልጅቷን ከፊት አስቀመጥናት፣ አማቷ እማማ ከኋላ ገቡ። የመንገዱን ሲሶ ያህል እንደሄድን ሌሊት የዘነበው ዝናብ ያሰፋው ቦይ ጋ ደረስን። ሪዶታ የሚባለውን ከባዱን ማርሽ አስገባሁና ገባሁበት። ጎማዎቹ እስከ ሞዞው ድረስ ሰጠሙ። ረገጥኩ። ጨመርኩ። ጆይንቱ አልተሰበረም። ያ የአሜሪካ ብረት ንቅንቅ አላለም። ከሆዷ ውስጥ ግን ጥርስ በጥርስ የሚፋጭበት፣ የሰማሁት ሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ድምፅ መጣ፤ የፊት ጎማዎቹም ሥራቸውን አቆሙ። ኮሮናው ጥርሱን ረግፏል።

እንግዲህ ቃሬዛው ከተወው ቦታ ተፈልጎ፣ ጎረምሶቹ ከየእርሻው ተጠርተው እስኪደርሱ ሦስት ሰዓት ያህል ሄደ። ያን ሦስት ሰዓት ልጅቷ መኪናዬ ውስጥ አማጠች። እማማ እጇን ይዘው "ማርያም ማርያም" ይላሉ። እኔ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ የማዞረው ነገር የለኝም። ሰው በገዛ መኪናው ውስጥ እንደዚያ ከንቱ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን አየሁ።

ከዚያ ቃሬዛው መጣ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። በከተማ ያደገ ሰው ቃሬዛ ሲያይ ድህነትን ያያል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ጭቃው እስከ ባት ይደርሳል፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፣ ከሥር አራት ናቸው። ማንም "ደከመኝ" ሲል አልሰማሁም። ከጎን የሚሄደው የተሸካሚውን እርምጃ ያያል። እርምጃው ትንሽ ሲከብድ "አምጣ" ይልና ትከሻውን ከሥር ያስገባል። ሸክሙ ሳይቆም ከትከሻ ትከሻ ይሄዳል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ይኸው ነው። እኔም አንድ ተራ ደረሰኝ፤ ከደረሰኝ ጥቂት ሳልቆይ አንዱ "አምጣ" አለኝ። እርምጃዬን አይቶ ነው።

ዋናው መንገድ ላይ አንድ ኢሱዙ ቆመልን። ልጅቷ በዚያው ምሽት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በሰላም ተገላገለች። አባባ አልተቆጡኝም። "መኪናህስ ምን አጠፋች ልጄ፤ ጎረምሶቹን በሌሊት ብናስነሣቸው ኖሮ ረፋድ ላይ በደረስን" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋ በበሬ ተጎትታ ወጥታ፣ በጭነት መኪና ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ዲፈረንሻሉን ከፍቶ ዘይቱ ውስጥ የተከማቸውን ጥርስ በእፍኙ አወጣልኝ። የጥገናው ወጪ ያገለገለ ጆይንት ከሚገዛበት ሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

"ጋሼ፣ ድሮውን ጆይንት ባስገባ ኖሮስ? ያም ይሰበር አልነበር?" አልኩት። መሸነፍ አልወደድኩም።

"ሊሰበር ይችል ነበር። ግን ጆይንት ሳይሰበር ይናገራል። ማርጀት ሲጀምር ስትጠመዝዘው ጠቅ ጠቅ ይላል። ቢሰበር እንኳ መለዋወጫ ይዘህ ብትሄድ በሁለት ሰዓት እዚያው ጭቃው ላይ ትቀይረዋለህ። ኮሮና አይናገርም፤ አንዴ ነው። አንተ የሚናገረውን አውጥተህ የማይናገረው ላይ ጫንክበት።"

ከዚያ መኪናዋን እንደገና ሠራት። ጎማውን ወደ ልኩ መለሰ። የፋብሪካውን ዓይነት ጆይንት አስገባ። አዲስ ግሪስ ሞላ፣ ኩሽኔታዎቹን አጠበቀ። ሁለተኛ ጆይንት ደግሞ በጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠልኝ። እኔ የፈለግሁትን ማጠናከር ሳይሆን የሚያስፈልገኝን ነበር ያደረገው።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ስለ ሱዙኪ ብቻ ብዬ አይደለም። ብዙዎቻችን ቤታችንን የምንጠግነው እኔ መኪናዬን በጠገንኩበት መንገድ ነው። ከልጆቹ አንዱን መርጠን እናጠነክረዋለን፤ እናስተምረዋለን፣ ውጭ እንልከዋለን። ከዚያ የአባት መድኃኒት፣ የእህት ሰርግ፣ የቤት ኪራይ ሁሉ በእሱ በኩል እንዲያልፍ እናደርጋለን። እሱ አይሰበርም። ሚስቱ ግን ትሰበራለች፤ ወይም አርፎ የተቀመጠው ታናሽ ወንድም ሥራ መፈለጉን ይተዋል። ያ ታናሽ ወንድም ጠቅ ጠቅ ሲል ሰምተነው ነበር፤ ስንፍና ነው ብለን አለፍነው።

በአገር ደረጃም ያው ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። ከተሠሩልን ጥሩ ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቷ ትወልድ የነበረችው እናት ጤና ተቋም እንድትሄድ ተመከረች። ከተመከረች በኋላ ግን ሸክሙ ወደ መንገዱ፣ ወደ መኪናው፣ ወደ አልጋው፣ ሌሊት ወደምትቆመው አዋላጅ ይሄዳል። እነዚህ አብረው ካልተጠናከሩ ጉልበቱ ቀጥሎ ያለውን ደካማ ይፈልጋል። ያን ቀን የፈለገው ሦስት ሰዓት ጭቃ ላይ የቆየችውን ልጅ ነው፤ መንገዱን የከፈትኩለት ደግሞ እኔ ነኝ። ጥፋቴ ጆይንቱን ማጠንከሬ ብቻ አልነበረም። በአንድ ብረት ተማምኜ ሃያ ትከሻ እንዲሰናበት ምክንያት መሆኔ ነው።

አሮጌ መኪና ያላቸው ወዳጆቼ አሁን አሁን ይህን ጥያቄ ያበዙብኛል። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ካደረሰው ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ ሰው ያለችውን መኪና አጠንክሮ መያዝ ይፈልጋል። "የፊት እግሯን ላጠንክራት?" ይሉኛል። አጠንክሯት፤ ግን መጀመሪያ የምትናገረውን አድምጡ፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ምን እንደሆነም መካኒካችሁን ጠይቁ።

እኔ ከዚያ በኋላ ባሉት ክረምቶች ያን መንደር አልተውኩም። የታመመ ሰው ሲኖርም አደርስ ነበር። ከመነሣታችን በፊት ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበረኝ፤ "አባባ፣ ቃሬዛው የት አለ?" ቃሬዛው ጣሪያው ላይ ይታሰራል፤ ሁለት ሦስት ጎረምሶችም በእግራቸው ከኋላ ይከተሉናል። በዚያ ጭቃ ላይ ከእኔ ሱዙኪ እነሱ ብዙም ወደ ኋላ አይቀሩም።