የመጋረጃው ሐይቅ

ሸዋ ሮቢት ላይ አውቶቡስ ሲቆም ሰው ምሳውን ይበላል እንጂ አገር አያይም። ይህን የምለው በቅሬታ አይደለም፤ የከተማዋ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ይወርዳል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ያነሣል፤ ገደሉን ከኋላው አድርጎ ራሱን ያነሣል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ «እስቲ አንድ አንሣኝ» ይላል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል። ከዚያ ጠመዝማዛውን እየወረደ ጃኬቱን ያወልቅና 225ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እኛ ዘንድ ሲደርስ መስኮቱን ከፍቶ «ኧረ ይሄ ሙቀት!» ብሎ ጥብስ ያዛል። ካሜራው ያን ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል።

እኔም ብሆን ከዚህ መንገደኛ አልሻልም ነበር። ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ይፋት ውስጥ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አገሩን ፎቶ አንሥቼው አላውቅም። የሠርግ ፎቶ አለን፤ የክርስትና አለን፤ የምርቃት አለን። የማሽላ ማሳ ግን ማን ያነሣል? ማሽላ ይጠበቃል፣ ይቆረጣል፣ ይወቃል። ፎቶ አይነሣም።

አባቴ ገበሬ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የተነሣው ፎቶ ሁለት ነው፤ አንዱ የመታወቂያ ጉርድ፣ ሌላው ከተማችን ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣው ሙሉ ቁመት። የዘንድሮ ልጅ ላያውቀው ይችላልና ልንገረው፦ ድሮ ፎቶ ቤት ውስጥ በቀለም የተሳለ መጋረጃ ከግድግዳው ላይ ይሰቀል ነበር። የእኛ ከተማው መጋረጃ ሰማያዊ ሐይቅ ነበረው። ከሐይቁ ማዶ አናቱ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከተራራው ሥር ጣራው የቀላ ቤት፣ ውኃው ላይ ደግሞ አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ። አባቴ ከዚያ ሐይቅ ዳር ቆሟል። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው፤ እጅጌው አጥሮታል። ከታች ግን በረባሶው አለ፤ የሮቢ ወንዝ ጭቃ ያልለቀቀው የራሱ በረባሶ።

ልጅ ሆኜ አባቴ ያንን አገር አይቶ የመጣ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ብጠይቀው «አዎ፣ ሄጃለሁ፤ ብርዱ ግን ለሰው የሚሆን አይደለም» አለኝ። ሲቀልድ አይስቅም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ዐረፈ። ፎቶው ግድግዳው ላይ ቀረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ እናቴና እኅቶቼ ሊሸከሙ የቻሉትን ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ወጡ። ሲመለሱ በሩ ክፍት ነበር። ፍራሹ የለም፣ እህሉ የለም፣ ሬዲዮው የለም፤ ከግድግዳው ላይም ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። የሰው አባት ፎቶ ለማን ይጠቅማል? ምናልባት ፍሬሙ ተፈልጎ ይሆናል። እናቴ ስለ እህሉ ብዙ ተናግራለች፤ ስለ ፎቶው አንድም ቀን አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ሄድኩ። ትምህርቴ ጂኦግራፊ ነው። የበርን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከአገራችን ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በነበረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ከእኛው ቆላ በላይ ባለው ደጋ፣ አንዲት ጥድ ላይ፣ ጣቢያ ተተክሎ ዝናቡና የሚሸረሸረው አፈር ሲለካ ኖሯል። በርን ቁጭ ብዬ የሰፈሬን ደጋ ዝናብ በሚሊ ሜትር ሳነብ ትንሽ አፈርኩ፤ ትንሽም ኮራሁ።

እሑድ እሑድ በባቡር እንወጣ ነበር። የመጀመሪያው እሑድ ባቡሩ ቱን የሚባለውን ከተማ አልፎ የሐይቁን ዳር ዳር ይዞ ሲሄድ በመስኮት አየሁና ደነገጥኩ። መጋረጃው ነው! ሰማያዊው ውኃ፣ በረዶ የለበሰው ተራራ፣ ቤቱ፣ ያቺ አንገተ ረጅም ወፍ እንኳ ሳትቀር። ሠዓሊው አንድም አልዋሸም። አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ «አባቴ እዚህ ነበር» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወዲያ እጄ አላረፈም። ከአንድ ተመላሽ ሐበሻ በርካሽ የገዛኋት ትንሽ ካሜራ ነበረችኝ፤ በሦስት እሑድ ስምንት መቶ ፎቶ አነሣሁባት። ላውተርብሩነን የሚባለውን ሸለቆ፣ ከሦስት መቶ ሜትር ጥቂት ከሚያንሰው ገደል የሚወረወረውን የሽታውባኽን ፏፏቴ፣ ሣሩን፣ ደወል ያንጠለጠሉትን ላሞች። እውነቱን ለመናገር እዚያ አገር ፎቶ ማንሣት ችሎታ አይጠይቅም፤ ተራራው ራሱ ፎቶ መነሣት ለምዷል። ከየት ሆናችሁ እንደምታነሡት አግዳሚ ወንበር ተቀምጦላችኋል፤ ዛፉ ተቆርጦላችኋል፤ ከፊታችሁም ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። ማታ ማታ ፎቶዎቼን ሳያቸው ከየሱቁ በር ላይ ከሚሸጠው ፖስት ካርድ አይለዩም። ልዩነታቸው የእኔ ትንሽ ማዘንበሏ ነው።

አንድ ቀን ከጓደኞቼ አንዷ የእኔን አገር አሳየኝ አለች። ስልኬን ፈተሽኩ፤ የእኅቴ ሠርግ፣ የዶርም ልጆች፣ አንድ የባጃጅ ፎቶ። እሷ በራሷ ስልክ ፈለገችና የመጣላት በ1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ነገር ነው። ዝም አልኩ። እዚህ ላይ እንዳልሳሳት፤ ያ ፊልም ሕይወት አድኗል፤ ያነሣው ሰው የሚመሰገን ነው። ስድስት ኪሎ ራሱ በ1965 ዓ.ም. መምህራን ከወሎ ያመጡት የረሃብ ፎቶግራፍ ለዕይታ ቀርቦበት ግቢው የተነቃነቀበት ቦታ ነው፤ የዚህ ግቢ ተማሪ ሆኖ ያንን መናቅ አይገባም። ብቻ ማሽላው አንገቱን ደፍቶ በቆመበት ዓመት ካሜራ ይዞ የመጣብን ሰው የለም። እኛም አላነሣነውም።

ከትምህርቱ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የሁለት ፎቶግራፎች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ዓፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ መካከል ፎቶ አንሺዎች ነበሩት፤ ከዙላ ተነሥተው በሰንዓፌና በአዲግራት አድርገው እስከ መቅደላ ሲሄዱ ያገኙትን ተራራና ሸለቆ አንሥተዋል። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰን የሚባል የቤልጂግ ጂኦግራፈርና ባልደረቦቹ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ካሜራው የቆመበትን ቦታ እየፈለጉ እንደገና አነሡዋቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ፤ በአብዛኛው ቦታ ዛሬ ያለው ዛፍ ከዚያን ጊዜው ይበልጣል። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» እየተባልን ላደግን ልጆች ነገሩ ግር የሚል ነው። አሠራሩን ደግሞ ወደድኩት። የቅርቡን ዓለት ጫፍ ከሩቁ ተራራ አንገት ጋር ታስተያያለህ፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትሄድ ይበላሻል፣ ወደ ኋላ ብትል ይበላሻል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ የቆምከው የሞተው ሰውዬ በቆመበት ላይ ነው።

ያ ጦር በይፋት አላለፈም። ከእሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ሻምበል ሐሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር፤ ከታጁራ በረሃውን አቋርጠው የይፋትን ቆላ ረግጠው ነው አንኮበር የወጡት። የዚያ ሠዓሊ ሥዕሎች በ1852 ታትመዋል። ግን የአንኮበር በር ከእኛ ሰፈር ሩቅ ነው፤ ሥዕልም ፎቶ አይደለም።

አገሬ ስገባ ስምንት መቶውን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ አሳየኋት። የጎረቤት ልጆች በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

«ይሄ ሁሉ ሣር ከብቱ የታለ?»

«በበጋቸው ወደ ተራራው ያወጡታል፣ እማ።»

«እንደ አፋሮቹ ናቸዋ! ሰዉስ?»

«ሰው እንዳይገባብኝ ብዬ እየጠበቅኩ ነው ያነሣሁት።»

«ምነው፣ ምን አደረጉህ?»

መልስ አጣሁ። ከዚያ ሐይቁ መጣ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች።

«ይሄ እኮ አባትህ የቆመበት ነው። ለካ እውነት አለ?»

«አለ፣ እማ። እኔም ገርሞኛል።»

«መጋረጃውን አመጣህልኝ» አለች፤ በቁጣ አይደለም፣ እንዲያው ሲሉ እንደሚሉት። «እሱ ግን እዚያ ቆሞ አያውቅም። እሱ የቆመው ማማው ላይ ነው።»

ልጆቹ «ቀጥል፣ ቀጥል» አሉ። ቀጠልኩ፤ ግን ሳላይ ነው የነካሁት።

መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ በነበረበት በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እንደገና ወረድኩ፤ ይህን ጊዜ ሥራዬ ብዬ ነው። ስለ ብርሃኑ ጥቂት ልናገር፣ ለፎቶ ወዳጆች ይጠቅማል። ጣርማ በር ላይ ቆሞ «ቆላው ጭጋግ ነው፣ አይታይም» የሚለው መንገደኛ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ከአዲስ አበባ ጎሕ ሲቀድ የተነሣ ሰው እዚያ የሚደርሰው ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከፊት ለፊት፣ ከአፋር በኩል ናት፤ ሌንሱ ውስጥ ነጭ ጢስ እንጂ ሌላ የለም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢመጣ ፀሐይዋ ከኋላው ሆና ከሁለት ሺህ ሜትር ገደማ በታች ያለውን ማሳ፣ የወንዞቹን አሸዋ፣ የሮቢትን ቆርቆሮ ሁሉ አንድ በአንድ ታሳየው ነበር። ከታች ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት እስኪሆን ድረስ የተራራው ግንብ በሙሉ ይበራል፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ ይቆጠራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ቶሎ ትገባና ጥላው በከተማዋ ላይ ይወርዳል። ወሩም መስከረምና ጥቅምት፣ ቢዘገይ ኅዳር ነው፤ ከዚያ ወዲያ አቧራው ይነሣል።

ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁ። እናቴ «እኔ ካልመጣሁ ቦታውን አታገኘውም» ብላ ተከተለችኝ። መንገድ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወጣት አስቆመን።

«ምንድነው የምታነሣው?»

«ማሽላ።»

«ማሽላ ምኑ ይነሣል?»

ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ካሜራዋን ተቀብሎ ገለበጣት፤ ውስጡ ያለውን አሳየሁት፤ ሐይቁ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ይሄ የት ነው?» አለኝ። እናቴ ፈጥና «አባቱ የሄደበት ነው» አለችው። አሳለፈን።

ማሳችንን አሁን ጎረቤታችን በእኩል ያርሰዋል። ግማሹን በፓምፕ እያጠጣ ሽንኩርት አድርጎታል፤ ዳሩን ማሾ ዘርቶበት ነበር፤ ማሽላ የቀረው በወንዙ በኩል ያለው ቁራጭ ነው። ማማው የለም። እንጨቱን በዚያ በጦርነቱ ዓመት ለማገዶ ነቅለውታል። ማማ የማያውቅ ሰው ካለ፣ አራት ግንድ ተተክሎ በላዩ የሚረበረብ መቆሚያ ነው፤ ግሪሳ ወፍ እሸቱን እንዳይጨርሰው ሰው ከንጋት እስከ ምሽት እዚያ ላይ ቆሞ በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃል። አባቴ በየዓመቱ ሁለት ወር ያህል ከዚያ አይወርድም ነበር። ምሳውን ይዤለት የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ ቦታውን ግን ረስቼዋለሁ! ጉድጓዶቹ እንኳ በሽንኩርት መደብ ተደፍነዋል።

እናቴ መደቡን እየተሻገረች ሄዳ ከአንድ ቁርቁራ ዛፍ አጠገብ ቆመች። ወደ ተራራው አየች። ወደ ዛፉ አየች። ፈቀቅ አለች።

«እኔ ከቤት ወጥቼ ስጣራው ጭንቅላቱ ከዚያ ከጎደለው ተራራ ሥር ነበር የሚታየኝ። ዛፉ በቀኝ እጁ በኩል። እንዲህ አይደለም… እንዲህ።»

በርን ውስጥ የተማርኩትን ሳልነግራት የምትሠራው ያንኑ ነው። ልዩነቱ እሷ በእጇ የያዘችው ፎቶ የለም።

የጎረቤታችን ልጅ ወንጭፉን ይዞ ስለነበር ከመስኖው የወጣ የድንጋይ ክምር ላይ አቆምነው። ግንቡ ሙሉ በሙሉ በርቷል። ከልጁ ኋላ ማሽላው፣ ከማሽላው ኋላ ተራራው። እናቴ አጠገቤ ሆና «ወደ ግራ በለው፤ አሁንም፤ በቃ፣ በቃ!» እያለች እጇን ስትዘረጋ ጫንኩት።

አዲስ አበባ ተመልሼ ላሳትመው ወሰድኩት። የፎቶ ቤቱ ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ አየውና «ጥግ ላይ የሰው ጣት ገብቷል፤ ላጥፋልህ?» አለኝ።

ተወው አልኩት። ትልቁን መጠን አዘዝኩ፤ ፍሬም ጭምር።