የሐይቁ መምህርና ደቀ መዛሙርቱ

ከደሴ ከተማ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሐይቅን ከተማ ያገኛል። ከከተማውም አልፎ ጥቂት ዝቅ ሲል፥ በኰረብቶች መካከል የተኛው ውሃ ይታየዋል። በማለዳ የደረሰ እንደ ሆነ ጉሙ ከውሃው ጋር ስለሚቀላቀል ዳርቻውን ለመለየት ያስቸግራል፤ ፀሓይ ከፍ ስትል ግን ዛፍ የለበሰ ምድር ወደ ውሃው ገብቶ ይታያል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው በዚያ ነው። ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ በእግር ይገባበታል። ሐይቁ ገባር ውሃ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ይህን ሳያነሣ አያልፍምና አንባብያን ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ ገዳሙ ጥንታዊነትና ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ ብዙ ተነግሯል። እኔ ግን ልጽፍ የወደድሁት በዚያ ስለ ነበረው የመምህርና የደቀ መዝሙር ሥርዓት ነው። ምክንያቱም በየአጥቢያችን የምናየው ነገር ያሳስበኛል። ድምፁ ያማረ ወይም አንደበቱ የተፈታ ወጣት ሲገኝ፥ ከማንም እግር ሥር ሳይቀመጥ፥ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ኀላፊ አድርገን እንሾመዋለን። ኋላ ሲታክት ወይም ሲታበይ ደግሞ ልጁን እንወቅሳለን እንጂ፥ ማን አሳደገው ብለን አንጠይቅም።

አባ ኢየሱስ ሞዐ የዳኅና ተወላጅ ነበሩ። ምንኵስናን የተማሩት ግን በትግራይ፥ በጠፍር ገመድ ተንጠልጥለው በሚወጡበት በደብረ ዳሞ አምባ፥ በአባ ዮሐኒ ዘንድ ነው። በዚያም ለብዙ ዓመታት በረድእነት ኖሩ። ረድእ ማለት በግእዝ ረዳት ማለት ነው፤ ብዙው ደግሞ አርድእት ይባላል። ቅዱሳን ሐዋርያትም በዚሁ ስም ተጠርተዋል። እንግዲህ በአባቶቻችን አነጋገር፥ ከመምህር ዘንድ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ስም የአዋቂነት ሳይሆን የረዳትነት ነው፤ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ እህል ይፈጫል፥ የአረጋውያንን እግር ያጥባል። ትምህርቱም ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ፥ ሥራው ሲያልቅ የሚጀመር አይደለም።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ፤ እስካረፉበት እስከ 1286 ዓ.ም. ድረስም በዚያ 45 ዓመት ያህል አስተማሩ። መጻሕፍትን ሰበሰቡ፤ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ሲጠበቅ ኖሯል። የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕልም በውስጡ ይገኛል።

ከደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ስሙ የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ሆኖም ወደ ሐይቅ በመጡ ጊዜ ልጅ አልነበሩም። ገድላቸው እንደሚተርከው ቀድሞ ክህነት የተቀበሉ፥ በዳሞት ምድር ወንጌልን የሰበኩ፥ ከዚያም በአማራ ምድር በአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በዛሬው ሚዛን ቢሆን፥ ይህን ያህል የሠራ ሰባኪ ለራሱ ተማሪ ይሰበስባል እንጂ ዳግመኛ ረድእ ለመሆን አይሄድም። እርሳቸው ግን በሐይቅም እንደገና በታዛዥነት ተቀመጡ፤ ከሐይቅም ተነሥተው ወደ ደብረ ዳሞ፥ ወደ መምህራቸው መምህር ወደ አባ ዮሐኒ ሄዱ።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር አለ። በደብረ ሊባኖስ ወገን የሚነገረው ታሪክ፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስኬማን ከአባ ዮሐኒ ተቀብለው ከተመለሱ በኋላ፥ አስኬማውን ለቀድሞ መምህራቸው ለአባ ኢየሱስ ሞዐ ሰጡ ይላል። ስለዚህም ማን አባት፥ ማን ልጅ ነው በሚለው ነገር በገዳማቱ ወገኖች መካከል ብዙ ተብሏል። ክርክሩን ለሊቃውንት እተዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱን የሚያዋርድ ሆኖ አይታየኝም። ከገዛ ደቀ መዝሙሩ እጅ ለመቀበል ራሱን ዝቅ አደረገ ተብሎ የሚነገርለት መምህር በእኛ ዘመን ስንት አለ? አብዛኞቻችን መምህራን፥ ተማሪያችን ከእኛ አልፎ ሲሄድ በአፋችን እንመርቃለን፤ በልባችን ግን ቅር ይለናል።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ አልቀሩም፤ በሸዋ ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ እርሱም ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። አባ ኂሩተ አምላክም እንዲሁ ከሐይቅ ወጥተው በጣና ሐይቅ ላይ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም ተከሉ። የገዳማቱ መጻሕፍት የአበውን ትውልድ ሲቈጥሩ ከአባ እንጦንስ ጀምረው፥ በአባ መቃርስና በአባ ጳኵሚስ፥ በአቡነ አረጋዊም በኩል ወርደው አባ ኢየሱስ ሞዐ ላይ ይደርሳሉ፤ ከእርሳቸውም ወደ ልጆቻቸው ይሻገራሉ። በዚህ ቈጠራ ውስጥ አባት የሌለው አባት የለም።

በኋላ ዘመን የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ይዞ በነገሥታቱ ዘንድ ታላቅ ሥልጣን ነበረው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አብዝተው ይጽፋሉ፤ እኔ ግን ወፍጮው ይበልጥብኛል።

ወፍጮ ያልሁት ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። እኒህ አባት ከአባ ኢየሱስ ሞዐ በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈው በዚሁ በሐይቅ የተማሩ ናቸው። በትውፊታችን እንደሚነገረው በልጅነታቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው ዓመታት አለፉ። መምህሩም ተስፋ ቈርጦ ልጅህን ውሰድ ብሎ ወደ አባታቸው ቢልክ፥ አባታቸው አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም ብለው እንቢ አሉ። ፊደሉ ያልገባው ልጅም ለማኅበሩ እህል እየፈጨ፥ ወደ እመቤታችን እየለመነ በገዳሙ ቈየ። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው፥ በየሌሊቱ የምናደርሰውን ሰዓታት ያዘጋጀው ያ ልጅ ነው።

እናንተ ወላጆች ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ የአባትየውን ነገር ልብ በሉልኝ። በሰኔ ወር የፈተና ውጤት በሚሰጥበት ዕለት በዘመናዊው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ብዙ አባቶችን አይቻለሁ። ወረቀቱን አንብበው ሳይጨርሱ ልጁን በዓይናቸው ያሰናብቱታል። የቄስ ትምህርት ቤትም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ዜማ ቶሎ ያልያዘ ልጅ ለአገልግሎት እንዳልተጠራ ይቈጠራል። ነገር ግን እህል የሚፈጨውን ልጅ ማኅበሩ አላባረረውም፤ የሚሠራው ሥራና የሚበላው እንጀራ ነበረውና።

ወደ ገዳሙ ለመሄድ ለሚያስብ ቤተ ሰብ ይህን ልጨምር። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም፤ እናቶችና እኅቶች ከበሩ መለስ ብለው፥ በውሃው ዳር ሆነው ይሳለማሉ። የአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ወንዶች ልጆቹን ይዞ የሚገባ አባት መጻሕፍቱን ለማየት ቢሻ አስቀድሞ አበ ምኔቱን ያስፈቅድ። ተፈቅዶለት የወንጌሉን መጽሐፍ ያየ እንደ ሆነም፥ የመምህሩን ሥዕል ለልጆቹ ያሳያቸው።