አራት ፊደል ፍለጋ

ነገሬ ስለ አራት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ነው፤ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች። በዚህ ተራ ተሰልፈው አንድ ቃል ውስጥ ሲገቡ ምን ተብለው እንደሚነበቡ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ካለ እጁን ያውጣ። «ስሩ» ላይ «ኡ» ናቸው። «ራፍ» ላይ «አፍ»፣ «ኮፍ» ላይ «ኦፍ» ይሆናሉ። «ባው» ላይ «አው»፣ «ዞው» ላይ «ኦው»፣ «ሶት» ላይ ደግሞ ረዘም ያለች «ኦ» ብቻ ትቀራለች። «ሂካፕ» ላይማ (ስቅታ ማለት ነው) ጭራሽ በ«ፕ» ይዘጋሉ! ቆጠርኩት፤ ቢያንስ ሰባት ድምፅ። እንዲህ ያለ ፊደል እኛ አገር ቢኖር ኖሮ የኔታ በአለንጋ ያስተካክሉት ነበር።

ኩልመስክ ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን «እነዚህ አራቱ ያሉበትን ቃል ለቅማችሁ ሰኞ አምጡ» አለን። ሲሰሙት ቀላል ነው። መዝገበ ቃላት ግን ቃልን የሚያውቀው በፊቱ፣ በመጀመሪያ ፊደሉ ነው። ሆዱን ወይም ጭራውን ይዞ የሚፈልግ ሰው ከኤ እስከ ዜድ ገጽ በገጽ ከማበጠር በቀር መንገድ የለውም። ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው አራቱን ፊደል ጽፎ ባንዴ ያገኘዋል። እኛ ያለን ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ትንሽ መዝገበ ቃላት ነበር፤ እሱም ለአምስት።

ከአምስታችን አንዱ ከቅኔ ቤት የመጣ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ሲያነብ ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር፤ «ስሩ»ን «ትህሮውግህ» ይላላ! አንዲት ፊደል ሳያስቀር። ፊደል የተጻፈው ሊነበብ ነው ብሎ ካደገ ልጅ ሌላ ምን ይጠበቃል? ዘዴውን ያመጣው ግን እሱ ነው። የቅኔ ተማሪ ቤት መምታት አለበትና ቃልን የሚያስሰው ከኋላው ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው መዝገብ የተደረደረው በመጨረሻ ፊደል ነው። «ቤታቸው አንድ ከሆነ ፊታቸውን ብቻ እንለዋውጥ» አለን። አራቱን ፊደል ጻፍንና ከፊታቸው ከኤ ጀምረን አንዳንድ ፊደል እየለጠፍን መዝገቡን መጠየቅ ጀመርን። በኤ የለም። በቢ «ባው»። በሲ «ኮፍ»። በዲ «ዶው»። በአር «ራፍ»፣ በቲ «ታፍ»። ከኋላ ደግሞ ቲ ስንጨምር «ቦት»፣ «ፎት»፣ «ሶት» ተከታትለው መጡ። እሑድ ማታ ሃያ ቃል ነበረን። ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1775 እ.ኤ.አ. ቃላትን በጭራቸው የደረደረ መዝገብ እንዳሳተመ ያነበብኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። የኛው ሰው ዎከርን ሳያውቅ ዎከርን ሆኖ አመሸ።

ይበልጥ የደነቀኝ ትርጉሙን መጻፍ ስንጀምር ነው። «ፕላው» ማረሻ። «ዶው» ሊጥ። «ትሮፍ» የከብት ማጠጫ ገንዳ። «ባው» የዛፍ ቅርንጫፍ። «ኮፍ» ሳል። «ታፍ» ጠንካራ። «ኢናፍ» በቃ። «ድራውት» ድርቅ። እንዴ! ይኼ የእናቴ ቤት እኮ ነው! ከላቲን የመጣው የችሎትና የሹመት ቃል እነዚህ ፊደሎች ዘንድ አይደርስም ማለት ይቻላል፤ እነዚህ ከድሮ የእንግሊዝ ገበሬ አፍ የወጡ ናቸው። ድርቅን እንኳ ላስታ ውስጥ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚፈልገው የለም፤ የ1977ቱን ያየ ሰው በየመንደሩ አለ። ይህን ቋንቋ የሩቅ፣ የኮሌጅ ሰዎች ቋንቋ አድርገን ነበር የምንፈራው።

ለመሆኑ ጂ እና ኤች እዚያ ምን ይሠራሉ? ዱሮ ዝም አይሉም ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ ከብዙዎቹ ቃላት ውስጥ እንደኛ «ኽ» ያለ፣ ከጉሮሮ ተፍቆ የሚወጣ ድምፅ ነበር። ጀርመን ዛሬም ሌሊትን «ናኽት» ይላል። ከእንግሊዞቹ አፍ ድምፁ እየጠፋ ሄደ፤ አንዳንዱ ቃል ላይ «ፍ» ሆነ፣ ሌላው ላይ ከነአካቴው ተነነ። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ማተሚያ ካቆመ ወዲህ ግን አጻጻፉ እየረጋ ስለሄደ ድምፁ ሲሞት ፊደሉ ቆሞ ቀረ። እንግዲህ ያ የተሳቀበት ልጅ መጨረሻዋን ፊደል ሳይውጥ ሲያነብ፣ ከሳቂዎቹ ይልቅ ለሺህ ዓመቱ እንግሊዛዊ የቀረበ እሱ ነበር። «ኽ» ደግሞ ለኛ ምን እንግዳ ነው? አያቴ «ከዚያ» አትልም፤ «ኸዚያ» ነው የምትል። የሰሜን ጎረቤታችን ዋግ ኽምራ ስሙ ላይ ይዞታል።

በእንግሊዝ ፊደል ከመሳቃችንም በፊት ጓዳችንን ማየት ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛችን አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። ግዕዝ ላይ ግን «ሠረቀ» ወጣ፣ እንደ ፀሐይ ብቅ አለ ነው፤ «ሰረቀ» ያው ሌብነት ነው። አሜሪካኖች «ፕላው»ን ባጭሩ በደብልዩ እንደሚዘጉት ሁሉ የኛንም ትርፍ ፊደሎች እንቁረጥ የሚሉ ምሁራን ኖረዋል። እኔ አልቆርጥም ባይ ነኝ። (ፈተና ሰሞን ሐሳቤን ልለውጥ እችላለሁ።)

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በዚያው ቋንቋ ነው። ሃያውን ቃል ያስገኘን ልጅ ያንን በር አላለፈም። አሁን ወደ ቅኔው ተመልሶ አስነጋሪ ሆኗል፤ የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ ያርማል። ማዕረጉ ትንሽ አይደለም፤ ሆኖም የቋንቋ ጥናት ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ እንደሆነ ይሰማኛል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጫለሁ።

በቀደም ሃያ አንደኛውን አገኘሁ። ያ ትንሽ መዝገባችን ያልያዘው ቃል ነው፤ በኤል ይጀምራል፤ አየርላንድ ውስጥ ሐይቅ ማለት ነው። ማታ ደወልኩለት።

«እንዴት ነው የሚነበበው?» አለኝ።

«ሎኽ» አልኩት። «አየርላንዶቹ ኽዋን እስከዛሬ ይሏታል።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አለኝ።