ተጭኖ የማይመለስ ቁልፍ

የቤተ ክርስቲያናችንን አሮጌ ፒያኖ፣ ቁልፎቹ የሚያርፉበትን የእንጨት ፍሬም ምስጥ በላው። አናጢ ነኝና “እኔ እሠራዋለሁ” አልኩ። በዚያ ወራት ከባለቤቴ ጋር ተኮራርፈን ነበር።

ፍሬሙ ሦስት አግዳሚ እንጨቶች አሉት፤ የፊት፣ የመሐልና የኋላ። በደንብ ከደረቀ ዋንዛ ሠራኋቸው። 88ቱ ቁልፎች እያንዳንዳቸው በመሐሉና በፊቱ አግዳሚ ላይ በተተከሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ይያዛሉ፤ በድምሩ 176 ዘንጎች። ቁልፎቹ እንዳይንገጫገጩ ብዬ ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለበጥኩት። በበጋ ደኅና ነበር። ክረምት ሲገባ ግን እርጥበቱ እንጨቱንና ጨርቁን አሳበጠው፤ ቁልፉ ሲጫኑት ይወርዳል፣ አይመለስም።

ፍሬሙን ከነቁልፎቹ አውጥቼ ወደ ቤት አመጣሁት። ባለቤቴ አንዱን ቁልፍ ጫን አደረገችና፣ “ይሄ እኔን ይመስላል። መፈናፈኛ የለውም” አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እናቷን ለመጠየቅ ስትሄድ እንኳ ሰዓት የምቆጥርባት ሰው ነበርኩ። ይህንንም ፍቅር እለው ነበር።

ጨርቁን በፒንሳ ቀስ እያልኩ ጨፈለቅሁት፤ ብዙ ከላላ ደግሞ ይንገጫገጫልና። እርሷ ቁልፎቹን ታቀብለኝ ነበር። በመጨረሻው ቁልፍ ላይ “ይቅር በይኝ” አልኳት። አብረን ተንበርክከን ጸለይን።

ወንድሜ ሆይ፣ ዘንጉ ይጽና፤ ቃል ኪዳንም እንዲሁ። ነገር ግን ቁልፉ መነሻና መውደቂያ ካላገኘ ፒያኖው አይዘምርም። ቤታችንም እንደዚያው ነው። ጌታ ይርዳን።