ሲበላሽ ብቻ የሚታወስ ሙያ

ሙዚቃዊ ቲያትር አይቶ የወጣ ተመልካች ስለ ዘፋኟ ያወራል፤ ስለ ልብሱና ስለ ጭፈራው ያወራል። መብራቱ ከማረከውም «መድረኩ እንዴት ያምር ነበር!» ይላል። የድምፅ ባለሙያውን የሚያነሳው ግን ማይክራፎኑ የጮኸ ቀን ብቻ ነው።

የዚህ ዝንጋታ ዋጋ በኒውዮርኩ ብሮድዌይ በግልጽ ታይቷል። ትልቁ የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ቶኒ፣ ለመብራት ንድፍ መሸለም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የድምፅ ንድፍ ተራው እስኪደርሰው 2008 ድረስ ጠበቀ። እሱም አልጸናለትም፤ በ2014 ሽልማቱ እንዲቀር ተወሰነ። በወቅቱ ከተዘገቡት ምክንያቶች አንዱ፣ ብዙዎቹ መራጮች የድምፅ ንድፍ ምን እንደሆነና በምን እንደሚመዘን አያውቁም የሚል ነበር።

ልብ በሉ፤ አላውቅም ያለው ዳኛው ነው፤ የተቀጣው ባለሙያው።

ለመሆኑ ያልታወቀው ሥራ ምንድን ነው? ሃያ ተዋናይ ካለ፣ ፀጉር ውስጥ የተደበቁ ሃያ ትናንሽ ማይክራፎኖች አሉ። ሁሉም አንዴ ተከፍተው ከተተዉ ድምፁ ይደፈርሳል። ስለዚህ አዳራሹ ኋላ ሚክሰሩ ጋ ያለው ሰው ጽሑፉን እየተከተለ የሚናገረውን ይከፍታል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ይዘጋል። ይህን በሳምንት ስምንት ትርኢት ይደግመዋል። ጣቱ ለቅጽበት ከዘገየ የተዋናይዋ የመጀመሪያ ቃል ይጠፋል።

ሌላም አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ጋ ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። በሽቦ የሄደው ግን ወዲያው ይደርሳል። እንዲሁ ከተተወ፣ ተመልካቹ ዘፈኑን የሚሰማው ከተዋናይዋ ሳይሆን ከራሱ በላይ ከተሰቀለው ስፒከር ነው። ንድፍ አውጪው ያንን ስፒከር በልኩ ያዘገየዋል። ያኔ ድምፁ ከአፏ የወጣ ይመስላል፤ ተመልካቹም ማንም ምንም እንዳልሠራ ያምናል።

የመብራት ባለሙያው ዕድለኛ የሆነው እዚህ ላይ ነው። መድረኩ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲለወጥ እጁ ይታያል። የድምፅ ባለሙያው ግን ሥራው በተዋጣለት ቁጥር እጁ ይሰወራል።

ባለሙያዎቹ ዝም አላሉም፤ በ2017 ውሳኔው ተቀለበሰ። በ2018 ሽልማቱ ሲመለስ በሙዚቃዊ ቲያትር ዘርፍ ያሸነፈው «ዘ ባንድስ ቪዚት» ነበር፤ በረሃ ላይ ባለች ትንሽ የእስራኤል ከተማ ስላደረ የግብፅ ፖሊስ ባንድ የሚያወሳው ሥራ። በዚያው ዓመት የመብራቱንም ሽልማት የወሰደው እሱ ነው። ዓይንና ጆሮ እኩል ተመሰገኑ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። አለመናፈቅ ያለ ነው፤ ስለማላውቀው የለም ማለት ግን በደል ነው። ከኋለኛው ወንበር ሆናችሁ የተዋናይዋን ሹክሹክታ አጥርታችሁ የሰማችሁ ቀን፣ ስታጨበጭቡ ሚክሰሩ ጋ ወዳለው ሰው አንዴ ዘወር በሉ።