የአሌግሪያስ ምትና አካሄድ

አሌግሪያስ በደቡብ ስፔን የወደብ ከተማ በካዲስ የበቀለ የፍላሜንኮ ዓይነት ነው። ምቱ በ12 ቆጠራ ይዞራል፤ ጠንከር የሚለው 12፣ 3፣ 6፣ 8 እና 10 ላይ ነው። ከ12 ተነስቶ ለሚቆጥር ሁለት ባለሦስት፣ ቀጥሎም ሦስት ባለሁለት ምቶች ይሰማሉ። ጀማሪን የሚያደናግረው ሐረጉ 10 ላይ መዘጋቱ ነው።

ዘፋኙ ይከፍታል፤ ግጥሙ ሲገባ ዳንሰኛዋ ድምፁን ትከተላለች እንጂ አትቀድመውም። ከዚያ ሲሌንሲዮ ይመጣል፦ ዘፈኑ ያርፋል፣ ጊታሩ ወደ ማይነር ይዞራል፣ ክንዶቿ ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ የእጅ አንጓዋም ይሽከረከራል። ከዳንሱ ሁሉ እጅግ ውቡ ክፍል ይህ ነው። ቀጥሎ ኤስኮቢያ የሚባለው የእግር ምት በቀስታ ጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል። በመጨረሻም ዳንሰኛዋ ያማዳ በተባለው ጠንካራ የእግር ምልክት ስትጠራ፣ ጊታሩም ጭብጨባውም አብረዋት ወደ ፈጣኑ ቡሌሪያ ይገባሉ፤ ዳንሱም በዚያው ይዘጋል።