የአባባ ጥይት ለምን ከሸፈች?

እኛ የከተማ ልጆች «ከሸፈ» የማንለው ነገር የለም። ቀጠሮ ይከሽፋል፣ ፍቅር ይከሽፋል፣ የቢዝነስ ሐሳብ ይከሽፋል፣ አብዮት ይከሽፋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የሚል መጽሐፍ ካወጡ ወዲህማ ቃሉ የካፌ ጨዋታ ማድመቂያ ሆኖ ቀርቷል። የቃሉ ባለቤት ጠመንጃ ነው እንጂ! ግን ጠመንጃ ሲከሽፍ ስንቶቻችን አይተናል? እኛ አይተናል። ሐይቅ፣ በአያታችን ቀብር ላይ።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን፤ የአንድ አያት የልጅ ልጆች። ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ደሴ እንኖራለን። አባባ ያረፉት በ2015 ዓ.ም. ነው። በእነሱ ዘመን ሰው ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ያለ ተኩስ አይሸኝም። አጎታችን የአባባን አሮጌ ምንሽር ይዞ ወጣ፤ አባባ በእጃቸው ከሞሏቸው ጥይቶች አንዷን አጎረሰና አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ቃታ ሳበ።

ቀጭ።

ሌላ ድምፅ የለም። አልቃሾቹ እንኳ ዝም አሉ። አጎታችን ደንግጦ የጠመንጃውን መዝጊያ ሊከፍት ሲል አንድ ሽማግሌ ከኋላ ጮኹ፦ «እንዳትከፍት! አፈሙዙን እንዳታወርድ! ቆይ!» ቆየ። አንድ ደቂቃ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅነው። ከዚያ መዝጊያውን ከፍ ዝቅ አድርጎ ያችኑ ጥይት ዳግመኛ ሳበባት። ጧ! አለች። ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ተቀብሎ አስተጋባ።

ሕዝቡ ትርጉም ለመስጠት አልዘገየም። «መጀመሪያ አልሄድም አሉ፤ ኋላ እሺ አሉ» ተባለ። የሚያምር ትርጉም ነው፤ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ተወራ። አጎታችን ግን ውርደቱ አልወጣለትም። «እርጥበት ነው፤ ጣሳው መሬት ላይ ስለኖረ ነው» ይላል። ሌላው «ባሩዱ አርጅቶ ነው»፣ ሌላው «ጠመንጃው ነው» ይላል። እኛ ደግሞ እንደ ልማዳችን ስልክ አወጣን።

የደወልነው አሜሪካ ላለው የእናታችን ወንድም ነው። ሰውዬው እዚያ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል፤ የሚተኩሰውንም ጥይት ቤቱ ጋራዥ ውስጥ በእጅ ማሽን ራሱ ይሞላል። እዚያ ይህ እንደ ዓሣ ማጥመድ ያለ የቅዳሜ ሥራ ነው አሉ። ታሪኩን ስንነግረው ሐዘኑን ከገለጸ በኋላ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሁለተኛ ስትመታ ተኮሰች?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ባሩዱም ደህና፣ ጠመንጃውም ደህና። ካፕሱሏ ናት። አልተቀመጠችም።»

እስቲ እሱ እንዳስረዳን እናስረዳችሁ። ጥይት አራት ነገር ናት፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረርና ካፕሱል። ካፕሱል ማለት ከቀለሁ ቂጥ መሃል ባለች ጎድጓዳ ውስጥ የምትቀመጥ፣ ከምስር ብዙም የማትበልጥ የብረት ቆብ ናት። በውስጧ ሲጨፈለቅ የሚፈነዳ ቅመም አለ። ቅመሙ የሚጨፈለቀው ከላይ በጠመንጃው መቺ መርፌ፣ ከታች ደግሞ እንደ ሰንዳል በምታገለግል ትንሽ ብረት መሃል ነው። ካፕሱሏ እስከ ወለሉ ገብታ ካልተቀመጠች መርፌው ሲመታት ጉልበቱ የሚያልቀው እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ነው። መጀመሪያ ገፋት፤ ሁለተኛ ተኮሰ። የአባባ «እምቢታ» ይኸው ነበር።

ለምን አትቀመጥም? አንዱ ምክንያት ጎድጓዳው ውስጥ ያለፈው ተኩስ ጥላሸት ሳይጠረግ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ የወታደር ጥይት ካፕሱሉ እንዳይወጣ አፉ ዙሪያውን የተጠቀጠቀ ነው፤ ያ ጠርዝ ካልተስተካከለ አዲሷ ካፕሱል ጠማማ ትገባለች። ሦስተኛው የዓይነት ልዩነት ነው፤ በአንዱ ዓይነት ሰንዳሏ ካፕሱሏ ውስጥ ናት፣ በሌላው ደግሞ ቀለሁ ላይ ናት፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። የመጀመሪያው «ቦክሰር» ይባላል፤ ፈጣሪው እንግሊዛዊ ነው። ሁለተኛው «በርዳን» ነው፤ ፈጣሪው አሜሪካዊ። የሚገርመው አሜሪካኖች የእንግሊዙን ሲይዙ አውሮፓውያን በአመዛኙ የአሜሪካኑን መያዛቸው! ዕቃም ይሰደዳል ማለት ነው። አራተኛው የሞይው እጅ ነው። ሲበዛ ከተጫናት ቅመሙ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ደግሞ ከፍ ብላ ትቀራለች። ልኩ ከቀለሁ ቂጥ ትንሽ ዝቅ ማለቷ ነው፤ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል። ይህንንም ዓይን ሳይሆን ጣት ነው የሚለየው።

«ቀለህ መሙላት» በእኛ አገር የትናንት ነገር አይደለም። ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ስትወጡ የምታገኟት ውጫሌ አምባሰል ውስጥ ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሟን ይዟል። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሲያፈርሱ ከጣልያን የመጣላቸው ሁለት ሚሊዮን ጥይት እጃቸው ገብቶ ነበር። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር፤ «ውጅግራ» የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ጥይት ገንዘብ ነበር። ባዶው ቀለህም አይጣልም፤ ተመልሶ ይሞላል። አባባ ያደጉት ይህን ባዩ ሰዎች እጅ ነው። ካፕሱሉን ከየት እንደሚያመጡት ግን አንድ ቀን ነግረውን አያውቁም።

ስልኩን ዘግተን የአባባን የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣን። ጥይቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በየጨርቁ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በእስክሪብቶ ተጽፎ አገኘናቸው። የ1990ውን ጥቅል ፈታንና የእያንዳንዷን ቂጥ በአውራ ጣታችን ዳበስን። ልስልስ ያለ፣ ልክ እንደ ፋብሪካ። የ1999ኙም እንደዚያው። የ2009ኙን ፈታን። ከአሥሩ ስድስቱ ጣታችንን ያዝ አደረጉት።

ማናችንም አልተናገርንም። ሦስታችንም ግን አንድ ነገር እያስታወስን ነበር። በዚያ ዓመት ገና ለበዓል ሐይቅ ሄደን ነበር። አባባ እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ ጨርቅ ዘርግተው ሲሠሩ አንዲቷን ጥይት ያነሱና «እስቲ ልጄ፣ ይህችን በጣትህ ዳብሳት፤ ከፍ ያለ ነገር አላት?» ይሉ ነበር። በየተራ ጠየቁን። እኛም በአንድ እጃችን ስልክ እንደያዝን በሌላው ነካ እያደረግን «ደህና ናት አባባ» አልናቸው። ሥራ ሊያለማምዱን መስሎን ነበር። ለካ ጣታቸው መስማት አቁሞ ኖሯል። እሱን መናገር አልሆነላቸውም፤ የእኛን ጣት ለመኑን።

ይህም ባልከፋ። አጎታችን ጨርቁን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ሲደርስ፣ ከሰፈር ሰው ጋር ሌሊት ለጥበቃ የወጣው ከዚያች ጥቅል አምስት ጥይት ይዞ ነበር። ሳይተኩስ ነው የተመለሰው፤ ተመስገን። እስቲ አስቡት ግን፤ አምስቱንም ጥይቶች «ደህና ናት» ያልናቸው እኛ ነን።

አሜሪካ ያለው ዘመዳችን ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥቶን ነበር፦ ባሩድ ያላትን ጥይት ካፕሱል «ላስተካክላት» ብሎ መግፋት ወይም መምታት እጅ ያስቆርጣል፤ ዓይንም ያጠፋል። ከ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1177 ወዲህ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ እንደማይቻልም እናውቃለን። ስለዚህ አልነካካናቸውም። አጎታችን ጣሳውን እንዳለ ይዞ ለፖሊስ አስረከበ።

ለእኛ የቀረችን የቀብሩ ባዶ ቀለህ ናት፤ አዲስ አበባ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማለች። ቂጧ ላይ የተደራረቡ ሁለት የመርፌ ምቶች ይታያሉ። እንግዳ ሲመጣ አንስቶ ያያትና «ይህች ምንድን ናት?» ይለናል። መጀመሪያ «ዳብሳት» እንለዋለን።